ለሌላው ቤት የሚፈጭ ወፍጮ

በአገራችን እያንዳንዱ ቤት የራሱን የሞተር ወፍጮ አይተክልም። የቤቱ እመቤት እህሏን አበጥራ ወደ ወፍጮ ቤት ትልካለች፤ ዱቄቱም ተመልሶ ከቤቷ ይቦካል። እኔም በአዳማ ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቼ የሊኑክስን ከርነል አሠራር የማስረዳቸው በዚሁ ምሳሌ ነው።

ከርነል ማለት የኮምፒዩተሩን ሜሞሪ፣ ዲስክና ሌሎችንም መሣሪያዎች ከፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ ዋና ፕሮግራም ነው። ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስን በ1991 እ.ኤ.አ. ሲጀምር የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጽሑፉ ለማንም ሰው ክፍት ነው፤ ነገር ግን ሰው የጻፈው ሁሉ ወደ መሣሪያው ቋንቋ መለወጥ አለበት። ይህም ኮምፓይል ማድረግ ይባላል፤ መፍጨቱ ማለት ነው።

ታዲያ እኛ ለምን እንፈጫለን? በነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. የወጣው ደቢያን 13 ባለ 32 ቢት ለሆኑ አሮጌ ኮምፒዩተሮች ከርነል ማዘጋጀቱን አቁሟል። ከእኛ ኮምፒዩተሮች የሚበዙት ደግሞ ከዚያ ወገን ናቸው። አዲስ ከርነል በገዛ እጃችን ካልሠራንላቸው ዕጣቸው ውሎ አድሮ መጋዘን ነው፤ ተማሪውም ለሦስት ለአራት ሆኖ በአንድ መሣሪያ ላይ መጋፋቱ አይቀርም።

«መምህር፣ ለምን እዚያው በየራሳቸው ላይ አንሠራውም?» ብሎ አንድ ተማሪ ጠየቀኝ። ጥያቄው መልካም ነው። አሮጌው ኮምፒዩተር ሜሞሪው ጥቂት፣ ጉልበቱም ደካማ ስለ ሆነ ቀኑን ሙሉ ሲደክም ይውላል፤ በመካከሉም መብራት ይጠፋል። አንዱ አዲስ ኮምፒዩተር ግን ፈጥኖ ይጨርሰዋል። ያለቀውን በፍላሽ ወደ ሌሎቹ ወስዶ መጫን የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው።

ይሁን እንጂ ባለ ወፍጮው ጤፍ ለላከች ሴት የገብስ ዱቄት ቢመልስላት ምን ይጠቅማታል? አዲሱ ኮምፒዩተር ባለ 64 ቢት ስለ ሆነ፣ ለ32 ቢት እንዲሠራ አስቀድሞ ሊታዘዝ ይገባል። ድራይቨር የተባሉትም ረዳት ፕሮግራሞች ለተቀባዩ እንጂ ለሠሪው መሣሪያ አይመረጡም፤ አለዚያ ከርነሉ ዲስኩን ሳያገኝ ገና በመነሻው ይቆማል። ስለዚህ ተማሪዎቼ ደብተር ይዘው በየኮምፒዩተሩ እየዞሩ ፕሮሰሰሩን፣ የዲስኩን መቆጣጠሪያና የኔትወርክ ካርዱን ይመዘግባሉ። አዲሱ ባይስማማ መመለሻ እንዲኖር የቀድሞውን ከርነል አናጠፋም።

ተቀባዩን ሳይጠይቁ መሥራት ምን እንደሚያስከትል ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ያለችው ወለንጪቲ ታስተምረናለች። በ2012 እ.ኤ.አ. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው ድርጅት በዚያና በወንጪ አካባቢ ላሉ ማንበብ ለማያውቁ ልጆች ታብሌት ሰጠ። የታብሌቶቹ አንድሮይድም የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ላይ ነው። ካሜራው በድርጅቱ ወገን ተዘግቶ ነበር፤ መሥራቹ ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገረው ግን ልጆቹ በአምስት ወር ውስጥ ከፈቱት። የተዘጋባቸው ነገር የፈለጉት ሆኖ ተገኘ።

አሁን በመቂና በባቱ የሚያስተምሩ ጓደኞቼ «ለእኛም ሠርታችሁ ላኩልን» ይላሉ። እኛም ደስ ብሎን እንሠራለን። ነገር ግን የመጀመሪያው መልሳችን ምንጊዜም አንድ ነው፤ «በቅድሚያ የኮምፒዩተሮቻችሁን ዝርዝር ላኩልን።»