ኤልያስ በቮልጋ ዳር

ሩሲያውያን ቮልጋን “እናታችን” ይሏታል። 3,500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ካስፒያን ባሕር እስክትገባ ድረስ ያላጠጣችው ከተማ፣ ያልተሸከመችው ሸቀጥ የለም ማለት ይቻላል። ስንት ዓመት ሙሉ አዲስ አበባን ሲያመላልሱ የኖሩት ሰማያዊና ነጭ ላዳዎች እንኳ መነሻቸው በዚሁ ወንዝ ዳር የምትገኘው የቶግሊያቲ ከተማ ነበረች። የዛሬው ወጌ ግን ስለ መኪና አይደለም። ከቶግሊያቲ ብዙ ሽቅብ፣ ከሞስኮ በስተሰሜን ምሥራቅ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ስለምትገኝ ያሮስላቭል ስለምትባል አሮጌ ከተማ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያሮስላቭል የቆመችው ኮቶሮስል የሚባል ትንሽ ወንዝ ከቮልጋ ጋር በሚገናኝበት ሹል መሬት ላይ ነው። አፈ ታሪኩ እንደሚለው፣ ልዑል ያሮስላቭ እዚህ ሲደርስ የአገሩ ሰዎች ድብ ለቀቁበት። እሱም ድቡን በመጥረቢያ ገደለና ከተማዋን ቆረቆረ። ድቡ እስከ ዛሬ መጥረቢያ ተሸክሞ በከተማዋ ዓርማ ላይ ቆሟል። ገዳዩ ቀርቶ ሟቹ ዓርማ መሆኑ ይገርማል። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1010 ነው ተብሎ ስለሚታመን፣ በ2010 የሺህ ዓመት በዓሏን አክብራለች።

ድሮ ከተማዋ የእንጨት ነበረች። በ1658 የተነሣው እሳት አብዛኛውን ክፍሏን በላው። ከዚያ ወዲያ ሕዝቡ ወደ ጡብና ወደ ድንጋይ ዞረ፤ ለዚህም ገንዘብ ነበረው። ፒተርስበርግ ገና አልተወለደችም፤ ወደ ምዕራብ አውሮፓ የሚሄደው የሩሲያ ሸቀጥ በሰሜን በኩል በአርሃንጌልስክ ወደብ ይወጣ ነበር። ያሮስላቭል ደግሞ መንገዱ ላይ ናት። የእንግሊዝና የሆላንድ ነጋዴዎች እዚህ ይሰነብታሉ፤ ቆዳው፣ የአውሬ ፀጉሩ፣ ጨርቁ እዚህ ይራገፋል፣ እዚህ ይጫናል። የያሮስላቭል ባለጸጋ ሲከብር ታዲያ ስሙን የሚያስጠራው በሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን በማሠራት ነበር። አንዱ አምስት ጉልላት ካቆመ ሌላው ዐሥር ያምረዋል። ከኮቶሮስል ማዶ፣ ከቀለም ፋብሪካ አጠገብ የሚገኘው የቶልችኮቮው የመጥምቁ ዮሐንስ ቤተ ክርስቲያን ጉልላቶች 15 ናቸው። ከ1671 እስከ 1687 የተሠራው ይህ ሕንጻ ጡቡ እንደ እንጨት የተፈለፈለ ይመስላል። ወደ ያሮስላቭል መሄድ ያልቻለ ሰው በ1000 ሩብል ኖት ላይ ሊያየው ይችላል።

ልቤን የሰረቀው ግን መሐል ከተማ ያለው የነቢዩ ኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከ1647 እስከ 1650 ያሠሩት ስክሪፒን የሚባሉ ወንድማማች የፀጉራም ቆዳ ነጋዴዎች ናቸው። በ1778 የከተማዋ ፕላን እንደ አዲስ ሲወጣ፣ ቀያሾቹ አሮጌውን ሕንጻ ከመንገድ ላይ ዞር አላደረጉትም። ይልቁንም ሰፊ አደባባይ ሰጥተው ጎዳናዎቹን ወደ እሱ መሯቸው። ዩኔስኮ በ2005 ማዕከላዊውን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አንዱ ምክንያቱ ይኸው የፕላን ብልሃት ነው።

ከውጭ ሲያዩት ነጭ ግድግዳና አረንጓዴ ጉልላት ነው። ውስጡ ሲገቡ ግን ዓይን ማረፊያ ያጣል። ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ እስከ ጣሪያው ድረስ ሥዕል ያልነካው ስንዝር ቦታ የለም። ሥዕሉን በ1680 የሠሩት ጉሪ ኒኪቲንና ሲላ ሳቪን የሚባሉ የኮስትሮማ ሠዓሊዎች ከ13 ጓደኞቻቸው ጋር ሆነው ነው። ያን ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች በሕይወት አልነበሩም። ወጪውን የቻለችው የአንደኛው ሚስት የነበረች ኡሊታ የምትባል መበለት ናት። ኤልያስን በሰራፕታ በረኀብ ዘመን ያበላችው መበለት እንደነበረች የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፈገግ ማለቱ አይቀርም።

የኤልያስና የደቀ መዝሙሩ የኤልሳዕ ታሪክ በተርታ ተስሏል። ጥግ ላይ ወንበር ይዘው የተቀመጡ፣ ሻሻቸውን አገጫቸው ሥር ያሰሩ የሙዚየሙ ጠባቂ እናት፣ ሰው ሁሉ ወደ ጣሪያው ሲያንጋጥጥ አይተው መሰለኝ በእጃቸው ጠሩኝ። ወደ አንድ ሥዕል አመለከቱኝ። አጫጆች ናቸው፤ ደማቅ የሩሲያ ሸሚዝ ለብሰው፣ ማጭዳቸውን ይዘው ወርቅ የመሰለ እህል ውስጥ ጎንበስ ብለዋል። እኔ ሩሲያኛ አላውቅም፤ እሳቸውም አማርኛ አያውቁም። መዳፋቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ፊታቸውን ጨፍገግ አደረጉና ወደ ትንሹ ልጅ ጠቆሙኝ። ገባኝ። ሱነማዊቷ ሴት በስንት ምኞት ያገኘችው፣ አባቱን ተከትሎ አዝመራ ላይ ሳለ ራሱን የታመመው፣ በእናቱ ጭን ላይ የሞተው፣ ኤልሳዕ ያስነሣው ልጅ ነው። ይህን ታሪክ አያቴ ነግራኛለች። እሳቸውም ምናልባት ከአያታቸው ሰምተውት ይሆናል። አንገቴን ስነቀንቅ ደስ አላቸውና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

ሠዓሊዎቹ ይህን ሁሉ ከየት አመጡት? መልሱ ለእኛም ይጠቅማል። በዚያ ዘመን ፒስካቶር የሚባል የአምስተርዳም አሳታሚ ያሳተመው ባለሥዕል መጽሐፍ ቅዱስ በነጋዴ እጅ ወደ ሩሲያ ገብቶ ነበር። የያሮስላቭል ሠዓሊዎች ድርሰቱን ከዚያ ወሰዱ፤ ቀለሙን፣ ሸሚዙን፣ ማጭዱንና ፊቱን ግን ከመንደራቸው አመጡት። በዚያው በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎችም በ1591 ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ ባለሥዕል ወንጌል እጃቸው ገብቶ፣ ሥዕሎቹን ወደ ብራና ሲያሻግሩ የባዕዱን ገጽ አበሻ አድርገውታል። አንዱ የሌላውን ስም ሳይሰማ፣ ቮልጋ ዳርና ጣና አጠገብ ሁለት ሕዝብ አንድ ዓይነት ሥራ ሠራ። ከሰው መውሰድ አያሳፍርም፤ የወሰዱትን የራስ ማድረግ አለመቻል ነው የሚያሳፍረው።

ያሮስላቭል የማጣትንም ነገር ታውቃለች። ነጩ የስፓስኪ ገዳም ቅጥር ውስጥ በ1516 የተሠራው ካቴድራል አለ፤ ከከተማዋ ሕንጻዎች ሁሉ አንጋፋው ነው። የጥንታዊ ሩሲያ ሥነ ጽሑፍ ዘውድ የሚባለው የልዑል ኢጎር ዘመቻ ትረካ ብራና የተገኘው በዚህ ገዳም እንደሆነ ይነገራል። ብራናውን ሙሲን ፑሽኪን የሚባል መኳንንት ወደ ራሱ ወሰደው። ናፖሊዮን ሞስኮ በገባበት በ1812 ከተማዋ ስትነድ ብራናውም አብሮ ነደደ። ደግነቱ በ1800 በማተሚያ ቤት ታትሞ ስለነበር ትረካው ተረፈ። ቅጂ የተናቀ ነገር አይደለም።

በሐምሌ ወር 1918 በቦልሼቪኮች ላይ የተነሣው ዐመፅ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቆይ መድፍ ከተማዋን አረሳት። ከዚያ ፒዮትር ባራኖቭስኪን የመሰሉ የጥገና ሰዎች መጥተው የተረፈውን ማገም ጀመሩ። የኤልያስ ቤተ ክርስቲያን ሙዚየም ተብሎ ተረፈ። በ1930ዎቹ መጨረሻ ፀረ ሃይማኖት ሙዚየም አድርገውት፣ የምድርን መዞር የሚያሳይ የፉኮ ፔንዱለም ሰቅለውበት ነበር። ኤልያስ በእሳት ሠረገላ ሲያርግ ፔንዱለሙ ከሥሩ ወዲያና ወዲህ ይል ነበር ማለት ነው። ፔንዱለሙ ዛሬ የለም፤ ኤልያስ ግን አለ።

የወንዞቹ መገናኛ ላይ የነበረው የኡስፔንስኪ ካቴድራል ይህ ዕድል አልገጠመውም። በ1937 በፈንጂ ፈረሰ። ዛሬ በቦታው የሚያብረቀርቅ ትልቅ ካቴድራል ቆሟል፤ በ2010 ለሺህ ዓመቱ በዓል በአንድ ባለሀብት ገንዘብ ተሠርቶ አለቀ። የአሮጌው ትክክለኛ ግልባጭ አይደለም፤ ይበልጠዋል፤ ስለ ቁመቱም ክርክር ተነሥቶ ነበር። መሠረት ከመጣሉ በፊት፣ ከ2005 ጀምሮ የአርኪዮሎጂ ሰዎች ቦታውን ሲቆፍሩ በጅምላ የተቀበሩ ከ300 በላይ ሰዎች አጽም አገኙ። በ1238 የሞንጎሎች ጦር ከተማዋን ሲወርር የተገደሉ ናቸው። በ2019 የወጣ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ደግሞ ከመካከላቸው ሦስቱ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ መሆናቸውን ለየ። ስማቸውን ማንም አያውቅም፤ ዝምድናቸው ግን ታወቀ።

የፈረሰን እንደገና መሥራት ተገቢ ነው ወይስ ማስመሰል ነው? የተወለድሁበት ሰፈር ዛሬ ስለሌለ፣ ይህ ጥያቄ ለእኔ የሥነ ሕንጻ ተማሪዎች ጨዋታ አይደለም። አዲሱን ካቴድራል ስዞረው ልቤ አልሞቀልኝም። ግድግዳው ለስላሳ ነው፤ ሠዓሊው ሸሚዙን ከመንደሩ ያመጣበት ምልክት አላየሁበትም። በሌላ በኩል ደግሞ ውስጡ ሻማ የሚያበሩት ሰዎች ከልባቸው ይጸልያሉ። አንዲት ሕፃን ሻማዋን ለመትከል እግሯን አንጠራርታ፣ እናቷ ብብቷን ይዛ ስታነሣት አየሁ። ለዚህች ልጅ ካቴድራሉ ይኸው ነው፤ የ1937ቱን ፍንዳታ ከመጽሐፍ ታነብበዋለች።

ስለዚህ የምለው ይህን ብቻ ነው። የፈረሰውን የሚሠራ ይመስገን፤ ግን ሠርቶ “መለስሁላችሁ” አይበለን። የሚመለሰው ቅርጹ ነው። የኡሊታ ገንዘብ፣ የ15ቱ ሠዓሊዎች እጅ፣ የስንት ዘመን የሻማ ጥላሸት በጨረታ አይገዛም። ያን ሊያቆይ የሚችለው ሳይፈርስ የሚጠብቅ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ብዙ ጊዜ ስሙ በእብነ በረድ አይጻፍም። ጥግ ላይ ወንበር ይዞ ይቀመጣል፤ የሚያልፈውን እንግዳ ጠርቶ፣ ራሱን የታመመውን ልጅ ያሳየዋል።