«ሮጠሽ ማንን ልትቀድሚ ነው?»

ዛሬ የማጫውታችሁ ስለ ከንፈር ወዳጅ አይደለም፤ ስለ ትዳር ጭቅጭቅም አይደለም። ስለ ሩጫ ነው። «ደግሞ ሩጫን እዚህ ምን አመጣው? እሱ የስፖርት ገጽ ሥራ ነው» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቆዩኝማ! እኔ የማወራው ሜዳሊያ ይዘው ስለሚመጡት ጀግኖች ሳይሆን ስለ እኔና ስለ እናንተ ቢጤዎች ነው። ደግሞም መጨረሻ ላይ ምክራችሁን የምሻበት አንድ ጉዳይ አለኝ።

ዕድሜዬ 28 ነው። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ቀን ቀን የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ውስጥ ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፤ ማታ ማታ ደግሞ ይህቺን ታህል እጫጭራለሁ። ሯጭ አይደለሁም። ግን እሮጣለሁ። ይህ አነጋገር በእኛ አገር ሰው ጆሮ ሲገባ ግራ ያጋባል። እንዴት አያጋባ? አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶን ካሸነፈ፣ ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10 ሺህ ሜትሩን ከወሰደች ወዲህ ሩጫ ለእኛ ወይ ባንዲራ ነው፣ ወይ እንጀራ ነው። ከሁለቱ ውጪ ለምንም ብሎ የሚሮጥ ሰው ወይ ጠግቧል ወይ ነካ አድርጎታል ማለት ነው። የጎረቤታችን እትዬ ገና ቱታ ለብሼ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ ሮጠሽ ማንን ልትቀድሚ ነው?» ብለው ያሉኝ ለዚህ ነው። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ከጭፈራ ወደ ሩጫ

ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣሁት በ2015 ዓ.ም. ኅዳር፣ በታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ ነው። ይህ ሩጫ በ1994 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሲጀመር ተሳታፊው 10 ሺህ ሰው ነበር። የመጀመሪያውን ዓመት ያሸነፈውም ራሱ ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ዛሬ ተሳታፊው ከ40 ሺህ በላይ ሆኗል። መንገዱ በየጊዜው ቢቀያየርም ርቀቱ ያው 10 ኪሎ ሜትር ነው። ቲሸርቱ ልብስ ብቻ ሳይሆን ትኬትም ነው። ሽያጩ ሲጀመር ያልቀደመ ሰው «ትርፍ ቲሸርት ያለው ሰው አታውቂም?» እያለ ወዳጅ ዘመዱን ሲያስጨንቅ ይከርማል። እኔ ያገኘሁት መሥሪያ ቤቷ ለሠራተኛው ከገዛላት ጓደኛዬ ነው፤ እሷ እሁድ ጧት ከምትነሳ ብትሞት ይሻላታል።

ጉድ ነው ያየሁት! ጧት 12 ሰዓት ላይ ታክሲው ሁሉ አንድ ዓይነት ቲሸርት የለበሰ ሰው ጭኗል። ፊቱን ቀለም የተቀባ፣ ጥሩምባ የያዘ፣ ልጁን ትከሻው ላይ የሰቀለ … የሌለ ሰው የለም። ሩጫው ተጀመረ ሲባል እኔ ካለሁበት ተነስቼ የመነሻውን መስመር ለመርገጥ ብቻ ሃያ ደቂቃ ያህል ፈጀብኝ። መንገድ ዳር ባንድ ይጫወታል፣ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ እስክስታውን ያስነካዋል፣ ትንሽ ሮጥ ይልና ደግሞ ይቆማል። እኔም እንደ ሰዉ ጨፈርኩ፤ 10 ኪሎ ሜትሩን በ1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ጨረስኩ። አሸናፊዎቹ ወንዶች አብዛኛውን ጊዜ 28 እና 29 ደቂቃ ውስጥ ነው የሚገቡት። እኔ ስደርስ እነሱ ተጣጥበው ቁርሳቸውን በልተዋል ማለት ነው!

ታዲያ አቀበቱ ላይ አንድ ስድሳ ዓመት የሚሆናቸው አባት አየሁ። አይጨፍሩም፣ አይቆሙም። ቀስ ብለው፣ ግን ሳያቋርጡ ይሮጣሉ። ልከተላቸው ብዬ አንድ ኪሎ ሜትር እንኳ ሳልሞላ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ አለ። ዞር ብለው አዩኝና «ልጄ፣ እየሮጥሽ ማውራት ካቃተሽ ፈጥነሻል ማለት ነው። ቀንሺ» አሉኝ። አልፈውኝ ሄዱ። ይህቺን አንዲት ምክር በገንዘብ የሚሸጡ ሰዎች እንዳሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በነፃ አገኘኋት፤ ለእናንተም በነፃ እነሆ።

ከዚያ በኋላ ነው ነገሩን የምር የያዝኩት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ አንድ ደቂቃ ሮጦ ሁለት ደቂቃ በመራመድ። በሁለተኛው ወር አሥር ደቂቃ ሳልቆም ሮጥኩ። አዲስ አበባ ላይ የሚሮጥ ሰው ደግሞ ራሱን መናቅ የለበትም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በዚህ ከፍታ በአንድ ትንፋሽ የምናስገባው ኦክስጅን ባሕር ዳርቻ ላይ ካለ ሰው በሩብ ገደማ ያንሳል። ሰውነታችን ለምዶት ነው እንጂ ቀላል አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ደረታችሁ ሲቃጠል «አልታደልኩም» ብላችሁ አትተዉት። ደረት የሚጨመድድ ሕመም ወይም ራስ መሳት ከመጣ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ ሩጫውን ትቶ ሐኪም ዘንድ ነው።

ጫማን በተመለከተ፣ ኪሳችሁ ካልፈቀደ ደህና ሳልባጅ ይበቃል። ግን ሶሉን አጥፋችሁ ሞክሩት፤ እንደ ካርቶን ከደረቀ ገንዘባችሁን አታባክኑ።

የሴቶቻችን ችግር ግን ከአቀበቱ ይልቅ ለከፋው ነው። በማለዳ ብቅ ስል የታክሲ ተራው ልጆች «ደራርቱ!» «ጥሩነሽ መጣች!» ይሉኝ ነበር። እሱስ ክብር ነው፣ ይሁን። የሚያስጠላው ሌላው ነው፤ እዚህ አልጽፈውም። መድኃኒቱ ብዛት ሆኖ አገኘሁት። ሁለት ስንሆን ቀነሰ፣ አራት ስንሆን ጠፋ። በየዓመቱ በመጋቢት አካባቢ የሚካሄደውን «ቅድሚያ ለሴቶች» የሚባለውን የ5 ኪሎ ሜትር ሩጫ የምወደውም ለዚህ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች አስፋልቱን ሞልተው ሲሄዱ ለካፊው ራሱ ግድግዳ ተጠግቶ ነው የሚያሳልፈው።

አንድ ቤት፣ ሁለት ሯጭ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ ልግባ። ቤታችን ውስጥ እውነተኛ ሯጭ አለች። የአክስቴ ልጅ ናት። በ2013 ዓ.ም. በ18 ዓመቷ ከአርሲ መጥታ እኛ ዘንድ አረፈች። አርሲ የኃይሌ፣ የደራርቱ፣ የቀነኒሳና የጥሩነሽ አገር ናት። እዚያ ትምህርት ቤት ውስጥ ከሌሎች የቀደመች ልጅ «አንቺስ ለምን አትሞክሪም?» ሳትባል አታድርም። ታላቅ ወንድሟ ድንች ሸጦ በየወሩ ብር ይልክላት ነበር።

የእሷን ኑሮ ያየ ሰው ሩጫን እንደ ጨዋታ አያወራም። ከንጋቱ 11 ሰዓት ትነሳለች። ከሁለት ጓደኞቿ ጋር እንጦጦ ይወጣሉ፤ ብቻ የማይሄዱት ጅቡንም ሰውንም ፈርተው ነው። አንዷ ከፊት ትመራለች፣ ሌሎቹ እግር በእግር ይከተሏታል። ስትመለስ በሶዋን በጥብጣ ትጠጣና ትተኛለች። እማዬ «ይቺ ልጅ ቤት እንኳ አትጠርግም» ብላ ስታጉረመርም፣ እሷ «የሯጭ ዕረፍቱም ሥራው ነው» ትላለች። ክለብ ለመግባት ስንት ጊዜ ተፈተነች መሰላችሁ! አንዴ በሦስት ሰከንድ፣ አንዴ በሰባት ሰከንድ እየተበለጠች ተመለሰች። ሰከንድ የምታህል ነገር የሰው ሕይወት ላይ በር ስትዘጋ ያየሁት እዚያ ነው።

እኔ ያኔ በ1 ሰዓት ከ41 ደቂቃ ገብቼ ሜዳሊያዬን አንጠልጥዬ ቤት ስገባ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀችብኝ። «መንገድ ላይ ተኝተሽ ነበር?» አለችኝ።

በ2016 ዓ.ም. ኅዳር ሁለታችንም በአንድ መንገድ ሮጥን። እሷ ከፊት ከአትሌቶቹ ጋር፣ እኔ ከኋላ ከሕዝቡ ጋር። ይህ ሩጫ ላይ ብዙ ወጣት አትሌቶች ለመጀመሪያ ጊዜ በአሠልጣኝና በማናጀር ዓይን ይገባሉ፤ የእሷም ተስፋ እሱ ነበር። ዙሩ ገና ከጅምሩ ከረረ። 37 ደቂቃ ፈጅቶባት ሰባ ምናምነኛ ወጣች። እኔ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሮጥኩ። ከዓመት በፊት ከነበረኝ ሰዓት 29 ደቂቃ ቀንሼ!

ማታ ቤት ውስጥ የነበረውን ልንገራችሁ። እኔ ጓደኞቼ ስልክ እየደወሉ «እንኳን ደስ ያለሽ» ይሉኛል፣ እማዬ ቡና አፍልታለች። እሷ ግድግዳው ጋ ዞራ ተኝታለች። እሷ በ37 ደቂቃ ገብታ ከሰረች፤ እኔ በ1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገብቼ ከበርኩ። እስቲ ይህን ሂሳብ ማን ያስረዳኝ?

በ2017 ዓ.ም. ጥር ላይ ቅልጥሟን ያማት ጀመር። ሐኪሙ አጥንቷ ሰንጠቅ ብሏል፣ በዝቶበት ነው፣ ሦስት ወር እንዳትሮጪ አላት። ሦስቱ ወር አለፈ፤ እሷ ግን ወደ እንጦጦ አልተመለሰችም። አንድ ቀን ፓስፖርት ይዛ ገባች። ደላላ አግኝታለች። ዓረብ አገር፣ የቤት ሠራተኛ።

ሌላ ጊዜ ሩጫ የምትወድ ልጅ ናት ብዬ፣ ካገገመች በኋላ አንድ እሁድ «ነይ ከእኛ ጋር ሩጪ፣ ዝም ብለሽ ለመዝናናት» አልኳት። «ለመሸነፍ የሚሮጥ ሰው አይቼ አላውቅም» አለችኝ። ብቻ መጣች። የእኛ አካሄድ ለእሷ እርምጃ ነው። ሁለት ኪሎ ሜትር እንደሄድን አንዲት ወፍራም ሴትዮ እየሳቁ አለፉን። የአክስቴ ልጅ ፊቷ ጠቆረ። ቆመች። ታክሲ ይዛ ቤቷ ገባች። ማታ እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ስትሮጪ ትስቂያለሽ። እኔ ስሮጥ ስቄ አላውቅም። የወንድሜ ድንች ነው የሚታየኝ።»

ምን ይባላል? ዝም አልኩ።

አሁን ያለችበት

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ባልጻፍኩት። ከጥቂት ወራት በፊት የመደብራችን ደንበኞች የሆኑ ሦስት የቢሮ ሴቶች «የሚያሯሩጠን ሰው ፈልጊልን» አሉኝ። ስሟን ሰጠሁ። መጀመሪያ ፊቷን አጨፈገገች፤ በኋላ ለትራንስፖርት ይሆነኛል ብላ ሄደች። አሁን ሰባት ሆነዋል። በሳምንት ሦስት ቀን በማለዳ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በሰፉት የእግረኛ መንገዶች ላይ ታሮጣቸዋለች፤ ቅዳሜ ደግሞ አስፋልት ቅልጥም ይሰብራል ብላ ወደ ጫካው ትወስዳቸዋለች። «ኮች» ነው የሚሏት። ከሁሉም አንዷ ግፊት ያለባት የሁለት ልጆች እናት ናት። ሐኪሟን ጠይቃ፣ በእርምጃ ጀምራ፣ በቀደም 5 ኪሎ ሜትር ሳትቆም ሮጠች። ያን ቀን የአክስቴ ልጅ ቤት ስትገባ እየሳቀች ነበር። ስለ ሩጫ እያወራች ስትስቅ የመጀመሪያዬ ነው።

ችግሩ ገንዘቡ ነው። ሰባት ሴቶች የሚከፍሏት ደላላው በቃሉ ከሚቆጥርላት ደመወዝ ጋር አይወዳደርም። ደላላው ደግሞ «ወረቀትሽ አልቋል፣ ቶሎ ወስኚ» ይላታል። ወንድሟ «ሂጂ» አላለም፣ «ቅሪ» አላለም፤ ግን መላክ አቁሟል። አክስቴ ታለቅሳለች። እማዬ «እዚሁ ቁራሽ እንካፈላለን» ትላለች።

እኔ የነገርኳት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የምትሄጂ ከሆነ በደላላ ወሬ ሳይሆን በሕጋዊ መንገድ፣ ውል ይዘሽ፣ ማን ቤት እንደምትገቢ አውቀሽ ሂጂ። ሁለተኛ፣ የምትሄጂው ተሸንፌአለሁ ብለሽ ከሆነ ግን ቆም በይ። ክለብ ያልወሰደው እግር ሰባት ሴት ከአልጋ አስነስቷል። ይህ ምንም ነው ወይ?

ግን እውነቱን እንነጋገር። እኔ ስቄ የምሮጠው እንጀራዬ ከፎቶ ኮፒው ስለሚመጣ ነው። ለጠገበ ሰው ስለ ደስታ ማውራት ይቀለዋል። ስለዚህ የእኔ ምክር ሚዛን ላይ ሲወጣ ቢቀልል አልቀየምም። እናንተስ ብትሆኑ ምን ትሏታላችሁ? በተለይ ሩጫን፣ ኳስን ወይም ሌላ ሕልምን ሞክራችሁ በሩ የተዘጋባችሁ፣ ከዚያ ወዲያ እንዴት ቆማችሁ? ጻፉልኝ። ደብዳቤያችሁን ቁጭ ብዬ አነብላታለሁ፤ ውሳኔው ግን የራሷ ነው።

መሮጥ ለምትፈልጉ ደግሞ፣ ነገ ጧት አንድ ደቂቃ ሮጣችሁ ሁለት ደቂቃ ተራመዱ። አንድ ጓደኛ ይዛችሁ ውጡ። እየሮጣችሁ ማውራት ካቃታችሁ ቀንሱ። ለእትዬም በመጨረሻ መልስ አግኝቻለሁ፦ ማንንም አልቀድምም፤ የአምናዋን እኔን ብቻ ነው። ዘንድሮ ከአንድ ሰዓት በታች ልገባ ሁለት ደቂቃ ቀርታኛለች።

ቸር ይግጠመን!