አራት ዘግይታ የጀመረች መስመር

ከአገር ስንወጣ ይዘነው የወጣነው ዕቃ ጥቂት ነው። መምህርነታችንን ግን በየኬላው ማንም ፈትሾ አልወሰደብንም። ስለሆነም ፀሐይዋ በረድ ስትል ከድንኳኑ ጥላ ሥር ተማሪዎቻችንን ሰብስበን እንቀመጣለን። ሰሞኑን ያስተማርነው የስኩዌር ሩትን ግራፍ በሠንጠረዥ መሣልን ነው። «በስደት ላይ ግራፍ ምን ይረባል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አንቀየመውም፤ እኛም ራሳችንን ጠይቀን ነበርና።

የጀመርነው በአተር ነው። 9 አተር ሦስት በሦስት ሲደረደር ሙሉ ካሬ ይሆናል፤ የ9 ስኩዌር ሩት 3 ነው ማለት ይኸው ነው። በማግስቱ የአንዱ ተማሪ እናት መጡና «መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ይህ አተር የታደለን ለቁጥር ነው ወይስ ለወጥ?» አሉን። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ በጠጠር ሆነ።

ወደ ሠንጠረዡ ስንገባ ተማሪዎቹ እንደለመዱት በኤክስ ረድፍ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ብለው ጻፉ። 2 ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ስልክ ያለው አንዱ 1.414 ብሎ አነበበ። ስሕተት አይደለም፤ መሬት ላይ በእንጨት ለሚሥል ግን አይመችም። «ሥራ የሚያቀልላችሁን ቁጥር ምረጡ» አልናቸው። 0፣ 1፣ 4፣ 9፣ 16፣ 25 ሲመረጡ መልሱ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4፣ 5 ሆኖ ተሰለፈ። አፈር ላይ መጻፉ እንዳያሳፍራቸውም የባቢሎንን ሰዎች አነሣንላቸው፤ እነርሱ ከ3,500 ከሚበልጡ ዓመታት በፊት የስኩዌር ሩት ሠንጠረዥ የጻፉት በጭቃ ላይ ነበር።

ነጥቦቹን በገመድ ቀጥ አድርገው ሲያገናኙ «የሩብስ?» ብለን ጠየቅን። ግማሽ በግማሽ ሲባዛ ሩብ ነውና የሩብ ስኩዌር ሩት ግማሽ ነው። ነጥቡ ከገመዱ በላይ ዋለ። መስመሩ ጎባጣ መሆኑን ያን ጊዜ በዓይናቸው አዩ። መጀመሪያ ፈጥኖ ይወጣል፤ ኋላ ይዘገያል። ከ16 እስከ 25 ዘጠኝ እርምጃ ሄዶ ከፍ የሚለው አንድ ብቻ ነው። ግን መውጣቱን አያቆምም።

በሦስተኛው ቀን ከኤክስ ላይ 4 እየቀነስን ስኩዌር ሩቱን ወሰድን። 4፣ 5፣ 8፣ 13፣ 20 ሲገቡ 0፣ 1፣ 2፣ 3፣ 4 ወጣ። ከኋላ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ አለችን። ትምህርት ካቋረጠች አራት ዓመት ሆኗታል፤ አሁን የምትማረው ከታናናሾቿ ጋር ነው። መሬቱን ስታይ ቆይታ «መምህር፣ ይህችኛዋ አራት ዘግይታ ጀመረች እንጂ አካሄዷ ያው ነው» አለች።

ከፊት የተቀመጠው ልጅ ቀበል አድርጎ «ግን ሁልጊዜ ከፊተኛዋ በታች ናት» አላት።

ዝም አልን። የተናገረው ልክ ነው፤ ሐሰት ነግረንም ልናጽናናት አልፈለግንም። «እስቲ ልዩነቱን አስሉት» አልን። 4 ላይ ልዩነቱ 2 ነው። 20 ላይ 0.472 ሆነ። 104 ላይ ደግሞ 10.198 እና 10፤ ልዩነቱ 0.198 ብቻ። ጨርሶ አይጠፋም፤ ግን እየጠበበ ይሄዳል። ልጅቱ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ በደብተሯ ገለበጠች። ሌላ ነገር አልተናገረችም፤ እኛም አልጨመርንም።

ለእነዚህ ልጆች የምንሰጠው የምስክር ወረቀት የለንም። ሌሊቱን ነፋስ ነፍሶ ግራፋችንን ደመሰሰው። ጠዋት ስንመጣ ልጅቱ ቀድማን ደርሳ፣ ከደብተሯ ሠንጠረዡን እያየች ሁለቱንም መስመሮች መልሳ እየሣለች ነበር።

ጀርባው ያልተጻፈበት ወረቀት ያላችሁ እባካችሁ አትጣሉት። እኛ ዘንድ ይፈለጋል።