ጭረቱና ቀለሙ

የመኪና ቀለም ለዓይን ወፍራም ይመስላል። እጅ ሲዳስሰው እንደ መስተዋት ለስላሳ፣ እንደ ሸክላም ጠንካራ ነው። ይሁን እንጂ ከላሜራው አንሥቶ እስከ ላይኛው ገጽ ድረስ ያለው የቀለም ንጣፍ በሙሉ ቢለካ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሚሊሜትር አንድ አሥረኛ እምብዛም የራቀ አይደለም፤ ይኸውም ተማሪ ከሚጽፍበት ደብተር አንድ ቅጠል ጋር የሚቀራረብ ነው። በዚህች ስስ ቅጠል ውስጥ ዝገትን የሚከላከለው የመሠረት ቀለም አለ፤ በእርሱም ላይ መልክ የሚሰጠው ዋናው ቀለም ተነጥፏል። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ በተሠሩት በአብዛኞቹ መኪናዎች ላይ ደግሞ ብርሃን የሚያሳልፍ ቫርኒሽ ይደረብበታል። ላሜራውን ከዝናብና ከአየር የሚለየው ይኸው ብቻ ነው።

በአዲስ አበባ፣ በጉለሌ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አዛውንት አንዲት ሰማያዊ ቮልስዋገን አለቻቸው። የዚህ ዓይነት ሞዴል መሠራት እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ካበቃ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የእርሳቸው መኪና ግን ከዚያ እጅግ የቀደመች ናት። በወጣትነታቸው፣ ገና የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ሳሉ የገዟት ስትሆን፣ ሞተሯ በተደጋጋሚ ተፈትቷል፤ መቀመጫዋም ሁለት ጊዜ ተለውጧል። ቀለሟ ግን ከፋብሪካ ይዛው የመጣችው ነው። አዛውንቱ ስለዚህ ነገር ለእንግዳ ሁሉ ሳይናገሩ አያልፉም ነበር።

በግንቦት ወር መጨረሻ፣ ዕድሜው 10 ዓመት ገደማ የሚሆን የጎረቤት ልጅ ከሽቦና ከጠርሙስ ክዳን የሠራትን መኪና እየነዳ በግቢው ውስጥ ያልፍ ነበር። ረጅሙ የመሪ ሽቦ ጫፉ አልታጠፈም ነበርና፣ ልጁ ዞር ባለ ጊዜ የቮልስዋገኗን በር ከመካከል ጀምሮ እስከ ኋላ ጠርዙ ድረስ ጫረው። አዛውንቱ ድምፁን ሰምተው ሲወጡ አንድ ክንድ የሚያህል ነጭ መሥመር አዩ።

«አንተ እጀ ሰባራ!» ብለው ጮኹ። ልጁ ሽቦውን ጥሎ እያለቀሰ ሮጠ። ማምሻውን እናቱ እጁን ይዛ መጣችና፣ «እባክዎ ይቅር ይበሉን፤ የሚያዝዙትን ሁሉ ይሥራልዎ» አለቻቸው። እርሳቸውም መኪናዋን እያዩ፣ «ቅዳሜ ጠዋት ይምጣ» ብለው በአጭሩ መለሱ።

በማግሥቱ መኪናዋን ወደ አንድ ጋራዥ ወስደው ለቀለም ቀቢ አሳዩ። ቀቢው በሩን ብቻ መቀባት እንደማያዋጣ ነገራቸው፤ ለብዙ ዓመታት ፀሐይ የመታው ሰማያዊ ከአዲስ ሰማያዊ ጋር ጎን ለጎን ሲቆም ልዩነቱ በግልጽ ይታያልና። ይህ አባባል እውነት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የምትገኝ ከተማ ናት፤ ከፍታ በየ1,000 ሜትሩ ሲጨምር ቀለምን የሚያደበዝዘው የአልትራቫዮሌት ጨረር ኃይል በ10 በመቶ ያህል ይጨምራል። ስለሆነም ጎኑ በሙሉ መቀባት ነበረበት። የተጠየቁትም ዋጋ ከጡረታ አበላቸው ጋር የሚመዛዘን ስላልሆነ፣ ሥራውን በቤታቸው ሊሠሩት ቆርጠው ተመለሱ።

ምክር የሚሰጥ ሰው አልጠፋም። አንዱ በቤንዚን እንዲወለውሉት ነገራቸው፤ ይህ ቀለሙን የሚያለሰልስና የሚያበላሽ ክፉ ምክር ነው። ሌላው ደግሞ የጥርስ ሳሙና ቀብተው እንዲፈትጉት አሳሰባቸው። በዚህኛውስ ጥቂት እውነት አለበት፤ የጥርስ ሳሙና ጥርስን የሚያጠራው በውስጡ ባለው ደቃቅ ፈታጊ ዱቄት ነውና፣ ቀላል ጭረትንም ሊያደበዝዝ ይችላል። ነገር ግን ብዙ ሰው እንደሚያምነው ጭረቱን አይሞላውም።

ቅዳሜ ጠዋት ልጁ መጣ። አዛውንቱ መኪናዋን ከዛፍ ጥላ ሥር አቁመው ላሜራው እስኪበርድ ጠበቁ፤ በጋለ ላሜራ ላይ የተቀባ ፖሊሽ ቶሎ ስለሚደርቅ ሥራው አያምርም። ልጁ በደረቅ ጨርቅ አቧራውን ሊጠርግ እጁን ሲሰነዝር ግን ፈጥነው ከለከሉት። አቧራ ማለት የደቀቀ ድንጋይ ነው፤ በደረቁ ሲታሽ ቀለሙን ይፈጫል። በየመንገዱ ዳር ባለመኪናው ቁርስ እስኪበላ ድረስ በደረቅ ጨርቅ የሚወለወሉት መኪናዎች በፀሐይ ሲታዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት የሚታይባቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ክፉ ሰው የሚጭረው መኪና ጥቂት ነው፤ ባለቤቱ በፍቅር የሚጭረው ግን ይበዛል።

በሁለት ባልዲ፣ አንዱን ለሳሙና አንዱን ለማለቅለቂያ አድርገው፣ ከጣራው ወደ ታች አጠቧት። ከዚያም አዛውንቱ የልጁን ጣት ይዘው ጥፍሩን በጭረቱ ላይ በአግድም አስኬዱት። በመካከል ያለው ጭረት ጥፍሩን አልያዘውም፤ ወደ ጠርዙ ሲቀርብ ግን ጥፍሩ ቀጭ ብሎ ቆመ። ጥፍር የማይዘው ጭረት በፖሊሽ ሊወጣ ይችላል፤ ጥፍር የሚይዘው ግን ለፖሊሽ እጅግ ጥልቅ ነው።

አዛውንቱ ከአሮጌ የጥጥ ካናቴራ በተቀደደ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ ነክተው ማሸት ጀመሩ። ጨርቁ ወዲያው ሰማያዊ ሆነ። ልጁ ደስ ብሎት፣ «አባባ፣ ጭረቱ ወደ ጨርቁ ገባ?» ሲል ጠየቃቸው።

«የለም ልጄ፤ ይኸ ጭረቱ አይደለም። ቀለሟ ነው» አሉት። ከዚያም መሬቱን በእንጨት ጫሩና አሳዩት። ጭረት ማለት ቦይ ነው። ቦይን የሚያጠፋ ሰው አንድም አፈር ይሞላበታል፣ አንድም ግራና ቀኝ ያለውን መሬት ቆርጦ እስከ ቦዩ ወለል ዝቅ ያደርገዋል። ፖሊሽ የሚሠራው ሁለተኛውን ነው። ጭረቱ ለዓይን ጎልቶ የሚታየው የቦዩ አፋፍ ብርሃንን ስለሚበትን ነውና፣ አፋፉ ሲለዝብ መሥመሩ ይደበዝዛል። ስለዚህ መኪና በታሸ ቁጥር ከዚያች ቅጠል ጥቂት ይቀነሳል። ቫርኒሽ ባለባቸው መኪናዎች ላይማ ነገሩ ይብሳል፤ የሚፋቀው ቀለም የለሽ ስለሆነ ጨርቁ ነጭ እንደሆነ ይቀራል፤ ባለቤቱም ምን ያህል እንዳጠፋ አያውቅም።

አዛውንቱ ይህን ካስረዱ በኋላ ራሳቸው ዘነጉት። የመካከሉ ጭረት ጠፍቶ ሰማያዊው እንደ አዲስ ሲያበራ ልባቸው ተነሣሣ፤ ወደ ጠርዙ አልፈው ጥፍር የያዘውን ክፍል በሙሉ ኃይላቸው ያሹት ጀመር። ቀለም ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚሳሳው በማጠፊያና በጠርዝ ላይ ነው፤ እጅም ሲያሽ ኃይሉን የሚጭነው በዚያው ነው። ልጁ ጨርቁን ትኩር ብሎ ሲመለከት በሰማያዊው መካከል ግራጫ አየ። ሊናገር ፈርቶ ዝም አለ። አዛውንቱ እጃቸውን ሲያነሡ፣ በጠርዙ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል የመሠረት ቀለም ተገልጦ ታየ።

የልጁ ሽቦ ይህን ያህል አላጠፋም ነበር። አዛውንቱ በባልዲው አፍ ላይ ተቀምጠው ለጥቂት ጊዜ በሩን ተመለከቱ። ከዚያም ወደ ልጁ ሳይዞሩ፣ «እጀ ሰባራውስ እኔ ነኝ ለካ» አሉ።

ቁስሉ ተከፍቶ ሊያድር አይገባም ነበር፤ ሰኔ ሊገባ ጥቂት ቀናት ቀርተው ነበርና። የመሠረት ቀለም ብቻውን ውኃን ለብዙ ጊዜ አያግድም፤ ርጥበት እስከ ላሜራው ከደረሰም ዝገቱ ከቀለሙ ሥር ለሥር እየሄደ ያነሣዋል። አዛውንቱ ቀለም ከሚቀላቀልበት ሱቅ ከመኪናዋ ጋር የሚቀራረብ ሰማያዊ በትንሽ ጣሳ አስቀድተው መጡ። ቦታውን በአልኮል አጠሩ፤ በቀጭን የሥዕል ብሩሽም ስስ አድርገው ቀቡት። አንዱ ሽፋን ሲደርቅ ሌላ፣ እርሱም ሲደርቅ ሌላ ጨመሩበት። በአንድ ጊዜ አወፍሮ መቀባት ቀለሙን ከማንጠባጠብ በቀር ጥቅም የለውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ የተቀባው ደርቆ ከዙሪያው ከፍ ብሎ ነበር። ለማስተካከል ቁጥሩ 2000 የሆነ ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ተገኘ፤ ነገር ግን በጣት ብቻ ቢታሽ ጎድጓዳ ይሠራል። ልጁ ይህን ሲሰማ ወደ ቤቱ ሮጦ የትምህርት ቤት ላጲሱን አመጣ። ወረቀቱን በላጲሱ ላይ ጠቅልለው፣ በሳሙና ውኃ እያራሱ፣ ቀስ ብለው አለሰለሱት። በዚህ ጊዜ የሚያሸው ልጁ ነበር፤ አዛውንቱ ከአጠገቡ ተንበርክከው፣ «በቃ፤ አሁን እይ፤ አሁንም በቃ» ይሉት ነበር። በመጨረሻ ሰም ተቀባ። ከተፈጥሮ ሰሞች እጅግ ጠንካራ ከሆኑት አንዱ ካርናውባ የሚባለው ሲሆን፣ በብራዚል ከሚበቅል ዘንባባ ቅጠል ይገኛል። ሰም ጭረትን አያድንም፤ ለጊዜው ሸፍኖ ውኃው ተንከባልሎ እንዲወርድ ያደርጋል፤ ከጥቂት ሳምንታትም በኋላ እንደገና መቀባት ይኖርበታል።

ከጥፍር ጥልቀት ያለው የጭረቱ ክፍል፣ አንድ ስንዝር የሚሆነው፣ አልጠፋም። ልጁ ወደዚያ እያመለከተ፣ «ይኸንንስ አንጨርሰውም?» አላቸው።

«ይቅር። ከሥሩ የቀረው ቀለም ለክረምቱ ይፈለጋል» አሉና ጨርቁን ጨመቁት።

ያ መሥመር ዛሬም የማታ ፀሐይ በሩን በአግድም ሲመታው ይታያል። የዚያን ቀን ልጁ ባልዲዎቹን ደፍቶ ሊሄድ ሲል፣ አዛውንቱ ከመኪናዋ መሣሪያ መካከል ፒንሳ አውጥተው ሰጡት። እርሱም ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የሽቦ መኪናውን መሪ ጫፍ ሁለት ጊዜ ወደ ውስጥ ቆለመመው፤ በጣቱም ዳስሶ አየው።