«ሻይ ነው»

ውድብሪጅ ውስጥ፣ ሩት 1 ዳር ካለ የእስያ ግሮሰሪ የተገዛ ደረቅ ሥር ማር ውስጥ ተነክሮ ከጀበናው አጠገብ ከተቀመጠ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እናትየው በየጧቱ ስስ ቁራጭ ያወጣሉ፣ የፈላ ውሃ ያፈሱበታል፣ ይጠጣሉ። አቅም ይሰጣል ብላ ያስለመደቻቸው ኮሪያዊት ጎረቤታቸው ናት። ሁለቱም እንግሊዝኛ ሳይችሉ እንዴት እንደተግባቡ ልጃቸው እስካሁን አልገባትም።

ጂንሰንግ ነው። በቻይንኛ ስሙ ውስጥ «ሰው» የሚል ቃል አለ፤ ሥሩ እጅና እግር ያወጣ ይመስላልና። የእናትየው ግን ከቻይና አልመጣም፤ መጠቅለያው «ዊስኮንሲን» ይላል። በ1711 (እ.ኤ.አ.) ዣርቱ የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ከቻይና በጻፈው ደብዳቤ፣ ይህ ተክል ካናዳም ሊገኝ ይችላል ሲል ገመተ። ደብዳቤውን ያነበበው ላፊቶ በ1716 ሞንትሪያል አጠገብ፣ በሞሐውኮች አገር ዘመዱን አገኘው። በ1784 ከኒውዮርክ ወደ ካንቶን የተነሣችው «የቻይና እቴጌ» የተባለች መርከብ ዋና ጭነቷ ይኸው ሥር ነበር። በዚያው ዓመት ጆርጅ ዋሽንግተን፣ ቤቱ ከውድብሪጅ በዚሁ መንገድ ትንሽ ወደ ሰሜን የሆነው ሰውዬ፣ ጂንሰንግ የጫኑ አጋሰሶች ተራራ ላይ እንዳጋጠሙት በዕለት ማስታወሻው ጽፏል።

እናትየው ይህን ሁሉ አያውቁም፤ ማወቅም አላስፈለጋቸውም። ድንገተኛ እያኘኩ፣ ቀበርቾ እየታጠኑ ላደጉ ሰው ሥር እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን እግራቸው ላይ ደም ረግቶ ዋርፋሪን ከጀመሩ ዓመት አልፏቸዋል። ከ2 እስከ 3 መሆን የሚገባው የደም ልካቸው በአንድ ምርመራ 1.4 ሆኖ ተገኘ። ነርሷ በስልክ አስተርጓሚ በኩል ጠየቀች፤ «ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት አለ?»

«የለም።»

አልዋሹም። «መድኃኒት» በእሳቸው አማርኛ ሐኪም የሚያዘው ነው፤ አለዚያም ሰው በሰው ላይ የሚያደርገው፣ ስሙ በሹክሹክታ የሚነሣው ነገር ነው። የአገር ቤቱ ደግሞ ሲነገር ኃይሉ ይጠፋል ይባላል፤ የሚያውቀውም ሰው «ሥር ማሽ፣ ቅጠል በጣሽ» ተብሎ ይሰደባል። እንዲህ የከበደ ቃል ይዞ ለሚመጣ ጥያቄ «አዎ» የሚል ማን ነው? አስተርጓሚው ቃሉን በትክክል ተርጉሞታል። ጥያቄው ግን ማሰሮውን ሳይነካ አለፈ።

የአሜሪካ ጂንሰንግ የዋርፋሪንን ሥራ እንደሚቀንስ በ2004 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት አሳይቷል። ደሙ በማይገባው ቦታ ሊረጋ ይችላል ማለት ነው፤ ለእሳቸው ይህ ቀልድ አይደለም። ልጅቱ ይህን ያወቀችው ከነርሷ አይደለም፤ አንድ ቅዳሜ ቡና ስታፈላ ጠርሙሱን አንሥታ መጠቅለያውን ስታነብ ነው።

«እማዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ሻይ ነው።»

«ለምን አልነገርሻቸውም?»

«ስለ ሻይ መች ጠየቁኝ?»

በሚቀጥለው ቀጠሮ ልጅቱ አብራ ሄደች። ነርሷ ያንኑ ጥያቄ ስትጀምር አቋረጠቻትና ወደ እናቷ ዞራ «ጧት ጧት ምን ትጠጪያለሽ?» አለቻቸው። እናትየው ቆጠሩ፤ ቡና፣ ጤና አዳም ያለበት፤ የተልባ ውሃ፤ አልፎ አልፎ አብሽ። ከዚያ ቦርሳቸውን ከፍተው በፌስታል የተጠቀለለውን ጠርሙስ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ነርሷ ስሙን በኮምፒውተሩ የመድኃኒት ዝርዝር ውስጥ ስታስገባ እናትየው ወደ ልጃቸው ጠጋ አሉ።

«ሻይ ነው በያት።»