ከጉርድ ሾላ እስከ አንኮበር፦ ስለ አንድ የቅዳሜና እሑድ ጉዞ ዕቅድ

ከአዲስ አበባ ወደ ክፍላተ ሀገር የሚያወጡት ታላላቅ መንገዶች አምስት ናቸው፤ ወደ ጅማ፣ ወደ አምቦ፣ ወደ ጎጃም፣ በቃሊቲ በኩል ወደ ቢሾፍቱና ወደ አዳማ፣ እንዲሁም በሰንዳፋ በኩል ወደ ደሴ። መኪና ያለው ወይም መኪና ያለው ወዳጅ ያለው የከተማ ሰው ዓርብ ማታ «የት እንሂድ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ነው፤ ቢሾፍቱ። ፈጣኑ መንገድ ከተከፈተ ወዲህማ ጥያቄው ራሱ እየቀረ ሄዷል። በሐይቅ ዳር ተቀምጦ ዓሣ መብላት መልካም ነገር መሆኑን አልክድም፤ እኔም ብዙ ጊዜ በልቻለሁ። ሆኖም ወደዚያ መሄድ አዲስ አበባን ተሸክሞ እንደ መሄድ ነው። ቀና ስትሉ በሚቀጥለው ጠረጴዛ ላይ ያ ሳምንቱን ሙሉ በስብሰባ ያያችሁት ሰው ተቀምጦ ጥብስ ያዝዛል።

እኔ የምኖረው ጉርድ ሾላ ነው። የደሴው መንገድ በደጄ ያልፋል። ከመገናኛ ተነሥቶ፣ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የቀላል ባቡር ሐዲድ ተከትሎ፣ በሲኤምሲና በአያት አድርጎ ወደ ለገጣፎ ይወጣል። የሰሜን ሸዋ አውቶቡሶች ገና ጎህ ሳይቀድ በመስኮቴ ሥር ያልፋሉ። ሰው በደጁ የሚያልፈውን መንገድ የሚያውቀው ይመስለዋል፤ እውነቱን ለመናገር ግን ከጉርድ ሾላ ነዋሪዎች ብዙዎቻችን ይህን መንገድ የምናውቀው እስከ አያት አደባባይ ድረስ ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው፣ ዘመድ ካልሞተ በቀር፣ የሌላ ሰው መንገድ ነው።

በዚህ ዓመት ይህን መንገድ እንድንሄድበት ያስወሰኑት አክስቴ ናቸው። እቴቴ ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው፤ እኔን ያሳደጉኝ እርሳቸው ናቸው። የተወለዱት ከአንኮበር ቁልቁል ወደ ቆላው በሚወርደው አገር ነው። በልጅነታቸው አዲስ አበባ ከገቡ ወዲህ ወደዚያ የሄዱት ለለቅሶ ብቻ ነው። ባለፈው ፋሲካ ማግስት፣ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሶ ሳለ፣ «አንድ ጊዜ እንኳ ማንም ሳይሞት ብሄድ ምን አለበት?» አሉ። ባለቤቴ ቀና ብላ አየችኝ። እንግዲህ ዕቅዱ የተጀመረው በዚያን ሰዓት ነው።

ዕቅድ ማውጣት የጉዞው ግማሽ ደስታ ነው። ካርታውን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ በጣት መጓዝ ነዳጅ አይፈጅም፤ ኬላም የለበትም። የአገራችንን ታሪክ ለሚወድ ሰው ደግሞ ይህ መንገድ የተለየ ጠባይ አለው፤ ወደ ፊት በሄድን ቁጥር ዘመኑ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከተማችን በ1879 ዓ.ም. በፍልውሃው ሜዳ ከመቆርቆሯ በፊት ቤተ መንግሥቱ በስተግራችን ከሚታየው ሰንሰለት ላይ፣ በእንጦጦ ነበር። ሰንዳፋን፣ አለልቱንና ሸኖን አልፈን ጫጫ አጠገብ ስንደርስ አንጎለላ አለች። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በ1834 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መልእክተኞች ጋር የንግድ ውል የተፈራረሙት በእርሷ ነው፤ የልጅ ልጃቸው ምኒልክም በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት በዚያው አገር ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ላይ ደብረ ብርሃን ትገኛለች። ይህችን ከተማ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ምዕተ ዓመት፣ በሰማይ ላይ ብርሃን ታይቶ በተባለበት ስፍራ፣ መናገሻቸው አድርገዋት እንደ ነበር እናውቃለን። ከእርሷ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ አንኮበር ነው፤ የሸዋ ነገሥታት ደጅ። አራት ወይም አምስት መናገሻ በሁለት ቀን! ታሪክን በዚህ ቅደም ተከተል የሚያስተምር መምህር አላጋጠመኝም።

በዚህ መንገድ በተቃራኒው አቅጣጫ የመጣ አንድ ባለቅኔ ነበር፤ ፈረንሳዊው አርቱር ራምቦ። ግጥሞቹን ሁሉ ገና ሃያዎቹን ሳይዘልቅ ጽፎ ጨርሶ፣ ቅኔን እርግፍ አድርጎ ትቶ ነጋዴ የሆነው ሰው ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1886 መገባደጃ ወደ 2,000 የሚደርስ ጠመንጃ በግመል አስጭኖ ከታጁራ ተነሣ። አራት ወር ያህል በበረሃ ተንከራትቶ በየካቲት 1887 አንኮበር ሲደርስ ምኒልክ አልነበሩም፤ ወደ ሐረር ዘምተው ነበር። ስለዚህ ወደ እንጦጦ ተሻግሮ ንጉሡን ደጅ ጠና። በመጨረሻም ሸቀጡን ካሰበው ዋጋ እጅግ ባነሰ ሸጠ፤ የሞተ ሸሪኩ ባለዕዳዎችም ከበቡት። ይህን ታሪክ ባስታወስኩ ቁጥር አንድ ነገር ይገርመኛል። ያን ታላቅ ገደል፣ ያን ጉም፣ ያን ሰማይ ያየው ሰው የጻፈው ስለ ሂሳብ ነው። ምናልባት ጥሩ ማረፊያ አላገኘ ይሆናል። (ሠዓሊ ወዳጄ፣ የጉዟችን ሾፌር፣ «ጥሩ ማረፊያማ ቢያገኝ ጭራሹን ደብዳቤም አይጽፍም ነበር» ይለኛል።)

አሁን ወደ ማረፊያው ጉዳይ እንምጣ፤ ዕቅዳችን የተሰናከለው በዚህ ላይ ነውና። ባለቤቴ በስልክ ጠይቃ በደብረ ብርሃን ሙቅ ውሃ የማይቋረጥበት ሆቴል መርጣለች። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ በሆነች ከተማ የሆቴል ደረጃ በኮከብ አይለካም፤ በብርድ ልብሱ ክብደት ይለካል። ከተማዋ ራሷ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያላት መሆኗ መጽናኛ ነው። ለሁለተኛው ሌሊት ደግሞ በአንኮበር በጥንቱ ቤተ መንግሥት ኮረብታ ላይ የተሠራው ማረፊያ ታሰበ። ይህ ሁሉ ተነግሯቸው ሲያበቃ እቴቴ ነጠላቸውን አስተካክለው፣

«በገዛ አገሬ ለመኝታ ልከፍል?» አሉ።

«እቴቴ፣ እርስዎ እንዳይቸገሩ ብለን ነው።»

«እኔ ምን ያስቸግረኛል! የእኅቴ ልጆች እዚያው አሉ። ሆቴል አደረች ቢባል ምን ይሉኛል? ተጣልታለች ነው የሚሉት።»

ይህ ነገር ቀላል ክርክር አይደለም። በአገራችን ልማድ የመሸበት መንገደኛ «የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከደጅ ይቆማል፤ ባለቤቱም ስሙን እንኳ ሳይጠይቅ እግሩን ያጥበዋል። ለማደሪያ ገንዘብ መክፈል ከዚህ ሥርዓት ውጭ የሆነ፣ ዘመን ያመጣው ነገር ነው። እቴጌ ጣይቱ በአዲስ አበባ የመጀመሪያውን ሆቴል ባስከፈቱ ጊዜ፣ እንደሚተረከው፣ ገንዘብ ከፍሎ መብላትን እንደ ነውር የቆጠረው መኳንንት ድርሽ ባለማለቱ ምኒልክ ራሳቸው ሰዎቻቸውን አስከትለው ሄደው በልተው ከፍለዋል። ንጉሥ በልቶ ካልከፈለ በቀር ሕዝቡ አልደፈረም ማለት ነው። እቴቴ ከዚያ መኳንንት ወገን ናቸው። እኔ በበኩሌ ሆቴልን እወዳለሁ። በሆቴል ውስጥ ሰው የማንም አጎት፣ የማንም የወንድም ልጅ አይደለም፤ በሩን ዘግቶ ማንበብ ይችላል። በዘመድ ቤት ግን መጽሐፍ መግለጥ ኩርፊያ ይመስላል። ሁለታችንም እውነት አለን።

ስለ ምግቡ ብዙ አልተከራከርንም። ዓርብ ማታ ከደረስን ጾም ነውና ሽሮና በያይነቱ ነው። በዚያ ከፍታ ውሃ በ90 ዲግሪ ገደማ ስለሚፈላ ባቄላና አተር ቶሎ አይበስልም፤ የደጋ ባለሙያ ወጧን በማለዳ የምትጥደው ለዚህ ነው፤ ጣዕሙም ከዚሁ ትዕግሥት የሚመጣ ይመስለኛል። ቅዳሜ የመንዝ በግ ጥብስ፣ ከቁልቁለቱ ከሚመጣው ቃሪያ ጋር። በመንገድ ላይ ሸኖ ሲደረስ ለጋ ቅቤ ሳይገዙ ማለፍ በአዲስ አበባ ሴቶች ዘንድ ይቅር የማይባል በደል ነው። የአካባቢውን አረቄ በተመለከተ ሠዓሊው ሾፌር በመሆኑ አጀንዳው ለጊዜው ተነሥቷል። እቴቴ ግን በዚህ ሁሉ ላይ ዳቦ ቆሎና በሶ ሊያስቋጥሩን ቆርጠዋል። ስንቅ ያልያዘ መንገደኛ በርሳቸው ዓይን መንገደኛ ሳይሆን ተፈናቃይ ነው።

ይህን ቃል ያለ ምክንያት አላነሣሁትም። ደብረ ብርሃን በእነዚህ ዓመታት ከልዩ ልዩ ስፍራ የተፈናቀሉ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ወገኖችን ያስጠለለች ከተማ ናት። በኅዳር 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሸዋ ሮቢትና እስከ ደብረ ሲና ደርሶ እንደ ነበር ማንም አልዘነጋውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ደግሞ በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት ይህ መንገድ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል። በደርግ ዘመን ከአንዱ ክፍለ ሀገር ወደ ሌላው ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልግ ነበር፤ አባቶቻችን ወረቀቱን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ይከቱት ነበር። ዛሬ ወረቀቱ ቀርቷል፤ በምትኩ አውቶቡስ ሾፌር የሆነ ጎረቤት ያስፈልጋል። የኛ ጎረቤት ሐሙስ ማታ ሲገባ «እንዴት ነው መንገዱ?» ብለን እንጠይቀዋለን። «ደኅና ነው» ካለ ደኅና ነው። ዝም ካለ ጫማውን እስኪያወልቅ እንጠብቃለን።

እንዲህ ባለ ጊዜ ስለ ጥሩ ሆቴልና ስለ ጥብስ መነጋገር ይገባል ወይ? ሠዓሊ ወዳጄ አይገባም ባይ ነበር። «ሰው በድንኳን እያደረ እኛ ስለ ብርድ ልብስ ክብደት እናውራ?» አለ። ነገሩ እኔንም ሲከነክነኝ ሰነበተ። መልሱን የሰጡት አሁንም እቴቴ ናቸው፦ «ለቅሶ ቤት እንኳ እህል ይቀርባል። የሚመጣ ሰው ከጠፋ ነው ቤቱ የሚፈርስ።» በአውራ ጎዳና ዳር ያለች ከተማ ኑሮዋ መንገደኛ ነው። በደብረ ሲና መኪና በቆመ ቁጥር የቆሎ ስልቻቸውን ይዘው የሚሮጡት ልጃገረዶች፣ የአልጋ አንጣፊዋ፣ ሥጋ ቆራጩ፣ ሁሉም መንገዱ በተዘጋ ሳምንት ገበያቸው ይዘጋል። ይህን ስል ሽርሽራችን በጎ አድራጎት ነው ማለቴ አይደለም፤ ሽርሽር ነው። ነገር ግን የአገር አንድ ወገን በሐዘን ጊዜ ብቻ የሚጎበኝ ከሆነ፣ እቴቴ እንዳሉት፣ ሰው ሲሞት ብቻ የምንሄድበት ዘመድ ሆኖ ይቀራል።

ለእሑዱ ሁለት አሳብ ቀርቦ ነበር። አንደኛው በጣርማ በር አድርጎ ደብረ ሲና መውረድ ነው። ከ3,100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከዚያ በር ሥር ጣሊያኖች በወረራው ዘመን የፈለፈሉት፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝም ዋሻ አለ። በአንደኛው አፉ በብርድ ገብቶ በሌላው አፉ በጉም መካከል መውጣት፣ ከዚያም የቆላው ሙቀት እየተሰማ እየተጠማዘዙ መውረድ፣ በአገራችን ካሉት የመንገድ ትርኢቶች ሁሉ የሚበልጥ ነው ብዬ አምናለሁ። ሠዓሊው ያን ጉም ለመሣል የሸራ ጥቅሉን አዘጋጅቶ ነበር። ሁለተኛው አሳብ አንኮበር ውሎ መመለስ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ቆሞ ወደ ምሥራቅ ሲመለከቱ መሬቱ እንደ ደረጃ እየወረደ እስከ አፋር ሜዳ ይዘረጋል። በገደሉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮዎች ሣር ይነጫሉ፤ በአንኮበር ስም የምትጠራና ሳይንስ እ.ኤ.አ. እስከ 1976 ድረስ የማያውቃት ትንሽ ቡናማ ወፍም እዚያው አለች። እቴቴ ስለዚች ወፍ ስነግራቸው «ማን ነው የማያውቃት?» ብለው ተቆጡ።

ክርክሩ ያለቀው በድርድር ነው። ዓርብ ማታ ሁላችንም በደብረ ብርሃን ሆቴል እናድራለን፤ እቴቴ ይህን የተቀበሉት «ለጉልበቴ» በሚል ሰበብ ነው፤ ሂሳቡ ግን እርሳቸው በማያዩበት ይከፈላል። ቅዳሜን አንኮበር እንውላለን፤ ሌሊቱን እኔና ባለቤቴ ከእቴቴ ጋር በእኅታቸው ልጅ ቤት፣ ሠዓሊው ደግሞ በኮረብታው ላይ ያድራል፤ ለጎሕ ብርሃን ሲል ነው፤ ማረፊያው እንግዳ መቀበል አለመቀበሉን ግን ረቡዕ ደውለን እናረጋግጣለን። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመለሳለን። ጣርማ በር ለሌላ ጊዜ ተላልፏል። የምንሄደው በእኔ ቶዮታ ነው፤ ዕድሜዋ ከትዳሬ ይበልጣል። ሠዓሊው፣ በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የገዛት የኤሌክትሪክ መኪና አለችው፤ ነገር ግን በዚያ ዳገትና ብርድ የት ሞልተን እንደምንመለስ በወረቀት ሠርተን ሠርተን ስላልገጠመልን በግቢው እንድትቆይ ተወስኗል።

እቴቴ ከበሩ ኋላ አንድ ዘንቢል አስቀምጠዋል። ቡና፣ ስኳር፣ ለሠፈራቸው ማርያም ጧፍ፣ ለእኅታቸው ልጆች አራት ነጠላ፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ዳቦ ቆሎው ተጨመረበት። ጎረቤታችን ሐሙስ ማታ ይገባል።