ከበርጩማው እስከ ካምፑ አጥር

ባለፈው ጥቅምት ጎረቤቴ ቤት ሦስተኛውን ቡና ጠጥተን ከበርጩማው መነሳት አቃተኝ። 63 ዓመቴ ነው። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ሳገለግል «እማማ፣ ይንቀሳቀሱ እንጂ» ያላልኳት እናት የለችም። የዚያን ቀን የልጅ ልጄ እጄን ጎትቶ አስነሳኝ። እሱ ሳቀ፤ እኔ አልሳቅኩም።

ቤት ገብቼ ራሴን መረመርኩ። የምግብ ጠረጴዛውን ወንበር ግድግዳ አስደግፌ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አጣምሬ፣ በ30 ሰከንድ ስንት ጊዜ ተነስቼ እንደምቀመጥ ቆጠርኩ። ስምንት! ከ60 እስከ 64 ዓመት ያለች ሴት ከ12 በታች ካመጣች የመውደቅ ሥጋቷ ከፍ ብሏል። ወድቀው የዳሌ አጥንታቸው የተሰበረ እናቶችን አስታምሜአለሁ፤ እንደ ድሯቸው የተራመዱት ጥቂቶች ናቸው።

በማግስቱ መንገድ ጀመርኩ። ኮልፌ ለእግረኛ የሚራራ ሰፈር አይደለም። አጠና ተራ ስትደርሱ የተጫነው አጠና ጫፍ ወደ ፊታችሁ ይመጣል፤ እፎይታ ገበያ ረፈድ ካለ መተላለፊያ የለውም፤ ኮብልስቶኑ ዝናብ ሲነካው ያንሸራትታል። ስለዚህ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ፣ ብርሃን ሲሆን፣ እወጣለሁ። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በስተምዕራብ ያለውን የወጨጫን ተራራ አናት ይዛዋለች፤ ለእሱ ስል ብቻ እንኳ እወጣ ነበር።

መመለሻዬ የፖሊስ ካምፑ አጥር ነው። ኔልሰን ማንዴላ በ1954 ዓ.ም. ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ በኮሎኔል ታደሰ ብሩ ኃላፊነት ነው። ዕድሜያቸው 44 ገደማ ነበር። መሣሪያና ጥይት ተሸክመው በከተማዋ ዙሪያ ረጅም ጉዞ ይጓዙ ነበር። በኋላም በሮበን ደሴት እስር ቤት ጠዋት ጠዋት በጠባቧ ክፍላቸው ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ እንደነበር ጽፈዋል። እኔ ደግሞ ሳሎኔ ጠበበኝ ስል ነበር!

የዓለም ጤና ድርጅት በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ይላል፤ በአምስት ቀን ቢካፈል በቀን ግማሽ ሰዓት ማለት ነው። ፍጥነቱ እያወራችሁ የምትችሉት፣ መዝፈን ግን የሚያቅታችሁ ይሁን። ዕድሜው 65 ላለፈ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን ሚዛን መጠበቅን የሚያለማምድ እንቅስቃሴም ይመክራል። እኔ ጀበናው እስኪፈላ የዕቃ ማጠቢያውን ጠርዝ ይዤ በአንድ እግሬ እቆማለሁ። ደረታችሁን የሚያጨናንቃችሁ ወይም ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ ግን ቁሙ፤ ሳትታዩም ዳገት አትጀምሩ።

ጉልበቴ አሁንም ቁልቁለት ላይ ያመኛል። ያለፈው ሰኞ የልጅ ልጄ በስልክ ሰዓት ይዞልኝ 13 ሞላሁ።

«እማዬ፣ የመጨረሻውን በእጅሽ ተደግፈሻል» አለና 12 ብሎ ጻፈው።